ሮዳ የተናገረችው በጣልያንኛ ሁለት ቃል ሆነ

ይህን ነገር ንዴቴ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። አልበረደልኝም። የሚበርድም እንዳልሆነ ስለገባኝ እንደተናደድኩ ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

ፈቲያ እባላለሁ። ነርስ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ጅግጅጋ የቀረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አደግኩ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ስንወጣ ሶማሊኛ ነበር። የትኛውን ቀድሜ እንደተናገርኩ እናቴም አታስታውስም። በሥራ ቦታም የገጠር ሰው ሲመጣ «ፈቲያን ጥሯት» ይባላል፤ ከሌላ ክልል ተመድበው የሚመጡት ሐኪሞች ሶማሊኛ እስኪለምዱ ድረስ አፋቸው እኔ ነኝ። ሆስፒታሉን በስም አልጠራውም። የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። ባለታሪኮቹ ሲያነቡት ራሳቸውን ያውቃሉ፤ ለእኔ ያ ይበቃኛል።

ኮሮና ጋብ ካለ በኋላ ነው። ከጣልያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት እየመጡ በነፃ ሊያክሙ መሆኑ ተነገረን። ከነርሶቹም መሠረታዊ ጣልያንኛ የሚችል አንድ ሰው መርጠው ለአጭር ሥልጠና አገራቸው ይወስዳሉ ተባለ። እኔ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ አልፌ የትም ሄጄ አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ጣልያንኛ ጀመርኩ።

መጀመሪያ በስልኬ ላይ ካወረድኩት መተግበሪያ ነበር የምማረው። «ልጁ ፖም ይበላል፣ ሴትዮዋ ባቡር ጣቢያ ናት» ይለኛል፤ ከእሱ ጋር አብሬ እደግማለሁ። ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳወራ የሰማችኝ እናቴ ታመመች ብላ ሰግታ ነበር። በኋላ አንዲት ጓደኛዬ ኤዶ ሃሊማን አገናኘችኝ። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ እንደዚያ ትጠራለች። ኤዶ ሃሊማ ጣልያን አገር ብዙ ዓመት አረጋውያንን ስትንከባከብ ኖራ የተመለሰች፣ ገበያው ውስጥ የሴቶች ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት። ከሥራ ስወጣ ሱቋ እሄዳለሁ። ጨርቅ እያጣጠፈች ታስተምረኛለች፤ ደንበኛ ሲመጣ ትምህርቱ ይቆማል፣ ሲሄድ ይቀጥላል።

መተግበሪያውን ስታየው ሳቀች። «ፖም ለምንሽ ነው? አንቺ የምትሄጂው በሽተኛ ዘንድ ነው። ከራስ ፀጉር ጀምረን እስከ እግር ጥፍር እንውረድ።» እናም ወረድን። ቴስታ ራስ፣ ፓንቻ ሆድ፣ ጂኖኪዮ ጉልበት፣ ሳንግዌ ደም። ቀጥሎ ቤተሰብ መጣ። ማድሬ እናት፣ ፍራቴሎ ወንድም፣ ሶሬላ እህት።

የገረመኝ፣ ሳላውቀው የማውቀው ብዛቱ ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን ስለ ፍሬንና ስለ ካምቢዮ፣ ስለ ጎሚስታና ስለ ፍሪሲዮን ሲያወራ የኖረው ለካ ግማሹን በጣልያንኛ ነው። «አባዬ፣ ጣልያንኛ ትችላለህ» ስለው «እሱማ መኪናው ነው የሚችለው» ብሎ መለሰልኝ። ማጥበቅና ማላላቱም አልከበደኝም። እኛ «ገና» ብለን በዓሉንና «ገና ነው»ን በማጥበቅ እንደምንለየው እነሱም «ፓላ» ሲላላ አካፋ፣ ሲጠብቅ ኳስ ይሉታል። የከበደኝ ዕቃን ሁሉ ወንድና ሴት ማድረጋቸው ነበር። ጠረጴዛው ወንድ፣ ወንበሯ ሴት። «ማስኪሌ፣ ፌሚኒሌ» እያለች ኤዶ ሃሊማ ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ በጣቷ እያሳየች ታስገምተኛለች፤ ስሳሳት በያዘችው ጨርቅ መታ ታደርገኛለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም ነበር። ሳይገባኝ «ካፒቶ»፣ ገባኝ፣ እንድል አትፈቅድም። «እኔ በመጀመሪያው ሰሞን ሳይገባኝ ካፒቶ ብዬ የያዝኳቸውን አሮጊት የማይሆን መድኃኒት ላጠጣቸው ነበር። ልጃቸው ባትደርስ ዛሬ እስር ቤት ነበርኩ» አለችኝ። «ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ማፈር አልተፈቀደለትም። ካልገባሽ አልገባኝም በዪ።»

ሐኪሞቹ ሲመጡ የእኔ ጣልያንኛ ሰላምታ፣ የሰውነት ክፍል፣ ቤተሰብ፣ ጥቂት ግስ ነበር። ያለፈ ጊዜ አላውቅም። ስናገር ሁሉም ነገር ዛሬ ነው።

ዋናው የቀዶ ሐኪም ዶክተር ሰርጆ ይባላል። ሽበታም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ፈጣን ሰው ነው። እንግሊዝኛው «ኦኬ» እና «ቴንክዩ» ላይ ያበቃል፤ አብራው የመጣችው የሰመመን ሐኪምም ከእሱ ብዙም አትሻልም። ለዚህ ሲባል ከአዲስ አበባ አስተርጓሚ አብሯቸው መጣ፤ አቶ ተክሉ። በወጣትነታቸው ጣልያን አገር የተማሩ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው የሚውሉ፣ ጣልያንኛቸው እንደ ውሃ የሚወርድ ሰው ናቸው። ሶማሊኛ ግን አንድ ቃል አያውቁም። ስለዚህ ሰንሰለቱ እንዲህ ሆነ፤ በሽተኛው በሶማሊኛ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ ለአቶ ተክሉ፣ አቶ ተክሉ በጣልያንኛ ለዶክተር ሰርጆ። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፋቸውን እያየሁ ነበር የምማረው። አንዳንዴ በሽተኛው ረጅም ነገር ይናገራል፣ እኔም ረጅሙን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብለው ይጨርሳሉ። የተማረ ሰው አሳጥሮ መናገር ያውቅበታል ብዬ አለፍኩት። ከፍጥነታቸው የተነሳ ደግሞ አብዛኛው ያመልጠኝ ነበር።

ያቺ ሴት የመጣችው ሥራው በተጋጋለበት ሰሞን ነው። ሮዳ ትባላለች። ከደምበል ወረዳ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፤ ነፃ ሕክምና መኖሩን በሬዲዮ ሰምታ በአይሱዙ ተጭና። ዘካሪያ የሚባል ትንሽ ልጅ ይዛለች፤ ጡት ከተወ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ብሽሽቱ ላይ ቡአ አለበት፤ ሲያለቅስ ያብጣል። ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። የደም መጠኑ ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል፣ ጠዋት ተራው ደርሶ ጋውን ለብሷል።

ኦፕሬሽን ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር ላይ ዶክተር ሰርጆ እንደ ልማዱ እናቲቱን ሊያናግራት ቆመ። ልጁ ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተቀምጧል። አቶ ተክሉ አሉ፤ እኔ አለሁ፤ የነርሶች አለቃችን፣ ሜትሮኗ ሲስተር ጽጌም አጠገባችን ናት። ሲስተር ጽጌ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ከእኔ በዕድሜም በሥራም የምትበልጥ ሴት ናት።

«የምትጠይቂው ወይም የምትነግሪን ነገር አለ?» ተባለች ሮዳ በእኔ በኩል።

«አለ» አለች። ክንዴን ያዘችኝ።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ይሄን ሁሉ ሳታስቀሪ ንገሪልኝ። ከዚህ ልጅ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሲገረዝ ደሙ አልቆም አለ። ጨርቅ አሰርን፣ አመድ ነሰነስን፣ ቁርኣን አስቀራን። እጄ ላይ ሞተ። ወንድሜም ጥርሱ ተነቅሎ እንዲሁ ደሙ እየፈሰሰ ነው የሞተው። ይሄም ሲወድቅ ጉልበቱ ይነፋል፣ ይጠቁራል። ስለዚህ አላስገረዝኩትም። ጎረቤት ይሰድበኛል፣ አባቱ አኩርፎኛል፤ እኔ ግን ምላጭ አላስነካውም ብያለሁ። አሁን ሐኪሙን ጠይቂልኝ፤ ደሙን የሚያቆምበት ነገር አለው ወይ? ካለው እሺ። ከሌለው ልጄን ይዤ ልመለስ።»

ሶማሊኛ ለማታውቁ ብዬ እዚህ ያሳጠርኩት ነገር የለም። እያንዳንዱን ለአቶ ተክሉ በአማርኛ ነገርኳቸው። ሟቹን ልጅ፣ ሟቹን ወንድም፣ ጉልበቱን፣ ጥያቄዋን። ነርስ እንደመሆኔ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችልም ስለገባኝ «ይሄ በዘር የሚመጣ የደም አለመርጋት ሊሆን ይችላል፣ ይሄንን በደንብ ይንገሩልኝ» ብዬ ጨመርኩበት። ሰዓታቸውን እያዩ ነው የሰሙኝ።

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። ትከሻቸውን ከፍ አደረጉና፣

«ፓውራ። ኒየንቴ» አሉ።

ፓውራ ፍርሃት ነው። ኒየንቴ ምንም ማለት ነው። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም ጀማሪ የሚማራቸው ቃላት ናቸው።

ዶክተር ሰርጆ ፈገግ ብሎ የሮዳን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ቱቶ ቤኔ፣ ማማ» አላት፤ ሁሉም ደህና ነው። ወደ ክፍሉ ገብቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሮዳ ፊቴን አየችው። «አለው አለ?» አለችኝ። ሐኪሙ ፈገግ ስላለ ደሙን የሚያቆም ነገር አለው ያለ መስሏታል።

ወደ አቶ ተክሉ ዞርኩ።

«አቶ ተክሉ፣ የነገርኩዎትን ሁሉ ነገሩት?»

«ነገርኩት።»

«እኔ የሰማሁት ሁለት ቃል ነው።»

«አንቺ ጣልያንኛ ታውቂያለሽ እንዴ?» አሉ ፈገግ ብለው።

«ኒየንቴን አውቃለሁ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ስሚ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ሲጠየቁ ከአያታቸው ነው የሚጀምሩት። ሰውየው ቀዶ ይዋል ወይስ ተረት ሲሰማ ይዋል? ፍርሃት ነው ያላት። ፈርታለች አልኩት። ትርጉም ማለት ቃል መድገም አይደለም፣ ፍሬውን ማውጣት ነው።»

«ፍሬውማ የሞተው ልጇ ነው» አልኳቸው።

ሲስተር ጽጌ ክንዴን ጎተተችኝ። «ፈቲያ፣ በእንግዳ ፊት አታዋርጂን። ምርመራው ደህና ነው። ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ።»

«እትዬ፣ አንቺም እኮ ሰምተሻል። በአማርኛ ነው ያወራሁት።»

ዝም አለች። እስከ ዛሬ ከአቶ ተክሉ ሁለት ቃል ያላነሰ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው። እሳቸው የሕክምና ሰው አይደሉም። እሷ ናት። ደሙ የማይረጋ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ይህን ስንነጋገር ሁለት ሠራተኞች አልጋውን መግፋት ጀምረዋል። ልጁ እናቱን እያየ «ሆዮ» ይላል፤ እማዬ ማለቱ ነው። ሮዳ የሚሆነውን ለመረዳት ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ፊት ታያለች። ስለ ልጇ በማታውቀው ቋንቋ እየተጣላን መሆኑ ገብቷታል፤ ምን እየተባለ እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም።

ሮጬ አልጋውን ቀደምኩትና በሩ ላይ ቆምኩ። ዶክተር ሰርጆ እጁን ታጥቦ ክርኑን ወደ ላይ አድርጎ ውሃው እየተንጠባጠበ መጣ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ሞከርኩ። «ፕሊስ ዶክተር፣ ብሊዲንግ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና «ኖ ኢንግሌዘ» ብሎ ወደ አቶ ተክሉ አየ። አቶ ተክሉም ከኋላዬ ደርሰው በፍጥነት አንድ ነገር አሉት። ከውስጡ የያዝኩት «ጆቫነ» የሚለውን ብቻ ነው። ወጣት። እኔን ነው። ሐኪሙ እንደገባው ሰው ራሱን ነቅንቆ በእጁ ዞር በዪ አለኝ።

ያን ጊዜ ኤዶ ሃሊማ ያለችኝን አደረግኩ። ማፈሬን ተውኩ።

«ዶቶሬ፣ አስፔቲ» አልኩት፤ ዶክተር፣ ይቆዩ። «ኖን ኤ ኒየንቴ።» ነገሩ «ምንም» አይደለም፣ ትልቅ ነገር ነው ማለቴ ነበር። ቆመ። ዓይኑን ከአቶ ተክሉ ላይ አንስቶ እኔ ላይ አደረገው።

«ሳንግዌ» አልኩ። ደም። ከዚያ «አይቆምም» ማለት ፈለግኩ፤ ቃሉ የለኝም። መቆም አልተማርኩም። ከማውቀው ውስጥ የቀረበልኝ «ባስታ» ነው፤ አባቴ «በቃ» ለማለት ሲጠቀምበት የምሰማው። ስለዚህ «ሳንግዌ ኖን ባስታ» አልኩት።

ለካ ያ «ደሙ አይበቃም» ማለት ነው። ዶክተር ሰርጆ ፊቱ ዘና አለ። ደም ማነስ አለበት ያልኩት መስሎት የምርመራውን ውጤት በአገጩ እያሳየ «ባስታ፣ ባስታ» አለኝ፤ ይበቃል፣ ይበቃል። አቶ ተክሉ ሳቁ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በሩን በጀርባዬ ይዤ እንደገና ጀመርኩ። እጄን እንደ ቧንቧ ከፍቼ አሳየሁት። «ሳንግዌ ኮሜ አኳ» አልኩ። ደም እንደ ውሃ። ልጁን አመለከትኩ። «ፍራቴሎ ዲ ባምቢኖ፣ ሞርቶ።» የልጁ ወንድም፣ የሞተ። እንዴት እንደሞተ ለመናገር ቃል ስላልነበረኝ ጣቴን እንደ ምላጭ አድርጌ አሳየሁና ደግሜ «ኮሜ አኳ» አልኩ። ሮዳን አመለከትኩ። «ፍራቴሎ ዲ ማማ፣ ሞርቶ። ዴንቴ።» የእናቲቱ ወንድም፣ ሞተ፣ ጥርስ። «ኮሜ አኳ።»

የሐኪሙ ክርን ቀስ ብሎ ወረደ። የታጠበው እጁ ልብሱን ነካ፤ አላስተዋለውም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ልክ ከትንሽ ልጅ ጋር እንደሚነጋገር ቃላቱን እየነጠለ ጠየቀኝ።

«ማስኪ? ሶሎ ማስኪ?»

ማስኪ። ማስኪሌ። ጠረጴዛው፣ የኤዶ ሃሊማ ጨርቅ። ወንዶች ናቸው ወይ፣ ወንዶች ብቻ? ነው የሚለኝ። በዘር የሚመጣው የደም አለመርጋት የሚይዘው በአብዛኛው ወንዶችን ነው። ወደ ሮዳ ዞሬ በሶማሊኛ «በቤተሰባችሁ ሴቶቹስ እንዲህ ይደማሉ?» አልኳት። «ሴቶቹማ ደህና ነን» አለች። «ወንዶቹን ነው የሚበላብን።»

«ሲ፣ ማስኪ» አልኩት። «ፌሚና፣ ቤኔ።»

አቶ ተክሉ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ዶክተር ሰርጆ ሳያያቸው እጁን አነሳባቸው። ጎንበስ ብሎ የልጁን ጋውን ገለጠና ጉልበቶቹን አየ። አንደኛው ጉልበት ከሌላው ያበጠ ነው፤ ቅልጥሙ ላይ የቆየ የጠቆረ ነገር አለ። ከዚያ የልጁን እጅ ገልብጦ አየው። ከጠዋት ጀምሮ መድኃኒት መስጫው የተሰካበት ቦታ ላይ የተለጠፈው ጥጥ ቀይ ሆኗል። ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። የቀየረችው ነርስ ምንም አልመሰላትም።

ከልጁ ትንሽ ደም ቀድቶ በመስታወት ቱቦ ውስጥ አደረገ። ከራሱም ክንድ አስቀድቶ በሌላ ቱቦ አደረገ። ሁለቱን ጎን ለጎን በመዳፉ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኛም ቆመን ጠበቅን። አልፎ አልፎ ቱቦዎቹን ያዘነብላቸዋል። የራሱ ደም ከቱቦው ሥር እንደ ጄሎ ሆኖ ቆመ። የልጁ ደም ሲያዘነብለው ወዲያ፣ ሲያዘነብለው ወዲህ ይሄዳል። ደግሞ ጠበቅን። አሁንም ይሄዳል። ሮዳ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት አጠገቡ መጥታ ቱቦውን አየችው። እዚያ ካለነው ሁሉ ቀድማ የተረዳችው እሷ ናት። ታውቀዋለችና። ሁለት ጊዜ አይታዋለች።

ዶክተር ሰርጆ ቀና ብሎ «ኖ» አለ። «ኖን ኦፔሮ።» ቀዶ አላደርግም። ለሮዳ ነገርኳት። ልጇን ከአልጋው ላይ አንስታ አቀፈችው፣ ጋውኑን አወለቀችለት፣ የራሱን ሸሚዝ አለበሰችው። ቁልፎቹን እኔ ቆለፍኩለት።

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ወደ አቶ ተክሉ ዞሮ «ፔርኬ?» አለ። ለምን? ረጅም መልስ ሰጡት፤ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔን ያሳያሉ፣ በሽተኞቹን ያሳያሉ። ስለ ራሳቸው ሲሆን ማሳጠር አልፈለጉም። እሱ እስከ መጨረሻ ሰማቸውና በዝግታ መለሰላቸው። የገባኝ ጥቂቱ ነው፤ ግን «ሌይ፣ ኒየንቴ» የሚለው ውስጡ ነበረበት። እርስዎ ምንም ብለውኛል እያላቸው ነው።

እዚያ ላይ አላበቃሁም። ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን በሽተኞች እያሳየሁ «ቱቲ» አልኩት። ሁሉም። «ዶማንዳ ቱቲ።» ሁሉንም ጠይቅ። ሰዋስዉ ትክክል አልነበረም፤ ኤዶ ሃሊማ ብትሰማኝ በጨርቅ ትመታኝ ነበር። ሐኪሙ ግን ገባው። የዚያን ቀን የቀዶ ሥራ ቆመ። ተረኞቹን በሙሉ አንድ በአንድ እንደ አዲስ ጠየቅናቸው። በዚህኛው ዙር አቶ ተክሉ እያንዳንዱን ቃል ተረጎሙ፤ ሐኪሙ እኔ በአማርኛ ስናገር እጁን እያነሳ ርዝመቱን ይለካባቸው ነበር። የአንዲት ልጃገረድ እናት ልጇ አንድ መርፌ ተወግታ ፊቷ አብጦ ትንፋሿ ሊቆም እንደነበር ከቀናት በፊት ነግራን እንደነበር ተናገረች። ነግራን ነበር። እኔ አስታውሳለሁ፣ ለአቶ ተክሉ አስተላልፌዋለሁ። ለሐኪሙ ግን አልደረሰም።

ማምሻውን ሮዳ ልትሄድ ስትል ግቢው በር ድረስ ሸኘኋት። የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ልብሷን ያውለበልበዋል። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላመሰገነችኝም።

«ይሄን ነገር ከአንቺ በፊት ለስንት ሰው ነግሬያለሁ» አለችኝ። «ኤረር ለነበረ አንድ ሐኪም ነግሬያለሁ፣ ደምበል ለመጣ ክትባት ሰጪ ነግሬያለሁ። ሁሉም ራሱን ነቅንቋል። መቆጣት ሰልችቶኝ ትቼው ነበር። ዛሬ አንቺ ስትቆጪ እኔ እንደተቆጣሁ ነው የቆጠርኩት።»

በማግስቱ የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮው ጠራኝ። ወጣት ሐኪም ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ልጁ በመትረፉ ሁላችንም ደስ ብሎናል» አለኝ። «አካሄድሽ ግን ልክ አልነበረም። ትልቅ ሰው በበሽተኛ ፊት አዋርደሻል። አቶ ተክሉ ቅሬታ አቅርበዋል። ይቅርታ ጠይቂያቸውና ነገሩ ይዘጋ።»

«ሮዳን ማን ይቅርታ ይጠይቃታል?» አልኩት።

«ሮዳ ማናት?» አለኝ።

ከወንበሩ ተነሳሁ። የእናቲቱ ስም ነው ብዬ ነገርኩት፤ ይቅርታም አልጠይቅም ብዬ ወጣሁ። አልጠየቅኩምም። ወደ ጣልያን የሚያስኬደው ሥልጠና ለሌላ ነርስ ተሰጠ፤ ጣልያንኛዋ ከ«ቦንጆርኖ» የማያልፍ፣ ከሰው ጋር ተግባብታ የምትሠራ የተባለች ልጅ ናት። እሷን አልቀየምኩም። ግን ቆጨኝ፤ አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። ብዙ ቀን አልቅሻለሁ።

ዘካሪያ አዲስ አበባ ተልኮ እንዲህ ያለውን በሽታ የሚያክሙ ሐኪሞች ዘንድ ደረሰ። ደሙን የሚያረጋ መድኃኒት እየተሰጠው ቡአው ተሠራለት። በዚያው ተገረዘ። ሮዳ በስልክ ስትነግረኝ «አባቱ አሁን ያናግረኛል» አለችና ሳቀች። አሁን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ኳስ እንዳይጫወት ከልክላዋለች፤ ግን ይጫወታል።

እኔ ሆስፒታሉን ለቅቄ ሌላ ቦታ እሠራለሁ። ጣልያንኛውን አልተውኩም፤ ያለፈ ጊዜን ተምሬያለሁ፣ «መቆም» የሚለውንም ቃል አውቄዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የለወጥኩት ትልቁ ነገር ግን አስተርጓሚነቴን ነው። ለማንም ሰው ሳስተረጉም መጨረሻ ላይ የሰማው ሰው የገባውን መልሶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ፤ እኔም ያንን ለተናጋሪው በቋንቋው መልሼ እነግረዋለሁ። «ይሄን ነው ያልሽው?» እላታለሁ። ሐኪሞች ይሰላቻሉ። ይሰላቹ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ቀን በማታውቁት ቋንቋ ስለ እናንተ ወይም ስለ ልጃችሁ ይወራል። ቢሮ ሊሆን ይችላል፣ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ረጅም ተናግራችሁ አጭር ከተተረጎመላችሁ ዝም አትበሉ። የቀረው የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቋንቋ የምታውቁ ደግሞ፣ የሰው ነገር በአፋችሁ ሲያልፍ የትኛው ፍሬ፣ የትኛው ገለባ እንደሆነ መምረጥ የእናንተ ሥራ እንዳልሆነ እወቁት። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ቀናት በዚያ ኮሪደር ስንት ሰው ተናግሮ ስንቱ ለሐኪሙ ሳይደርስ እንደቀረ አላውቅም። ማወቅም አልችልም። የማይበርድልኝ በዚህ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ሽማግሌ ናቸው፣ ይቅር በያቸው» ይሉኛል። አቶ ተክሉ እኔን አልበደሉኝም፤ ይቅርታ ቢጠይቁም የሚጠይቁት እኔን አይደለም። ከደምበል ወዲያ አንዲት ሴት አለች። ሄደው እሷን ይጠይቋት። በምን ቋንቋ እንደሚጠይቋት እንጃ።